እግዚአብሔር ይፈትናል ወይስ አይፈትንም? (ያዕቆብ 1፥13 እና ዘፍጥረት 22፥1)

ጠያቂዋ (ሰኞ ማታ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ከሐዋሳ ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በምሳ ሰዓት አብረን የምንቀመጥ ልጆች አለን። ኦርቶዶክስ አለ፣ መካነ ኢየሱስ አለ፣ ሙሉ ወንጌል አለ። «እኔ ከሁላችሁም ወጥቻለሁ» የሚል ደግሞ አንድ አለ። ሰሞኑን ይሄው የወጣው ልጅ ጥቅስ ደርድሮ መጣና ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

ያዕቆብ 1፥13 ስለ እግዚአብሔር «እርሱ ራሱስ ማንንም አይፈትንም» ይላል። ዘፍጥረት 22፥1 ደግሞ «እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው» ይላል። በዚህ አላበቃም። 2ኛ ሳሙኤል 24፥1 ላይ ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው እግዚአብሔር ነው። 1ኛ ዜና መዋዕል 21፥1 ላይ ግን ያንኑ ያደረገው ሰይጣን ነው። ያዕቆብ «እግዚአብሔር በክፉ አይፈተንም» ካለ፣ ኢየሱስ በምድረ በዳ እንዴት ተፈተነ? ደግሞስ የማይፈትን አምላክ ከሆነ «ወደ ፈተና አታግባን» ብለን የምንለምነው ለምንድን ነው?

የኦርቶዶክሷ ልጅ «መምህር እጠይቃለሁ» አለች። የሙሉ ወንጌሉ «የመንፈስ ነገር በሥጋ አይገባም» አለ። ሁለቱም አላጠገበኝም። እባካችሁ «ዝም ብለሽ እመኚ» እንዳትሉኝ።

የባጃጁ ሰው
እህቴ፣ ዝም ብለሽ እመኚ። ቀልዴን ነው። እኔ ግን ባጃጄ በቆመች ቁጥር «እግዜር እየፈተነኝ ነው» ስል ነው የኖርኩት። ይሄም አይባልም ማለት ነው? መልሱን እጠብቃለሁ።

ጽናት
እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ራሱ ፈተና ነው። ጸልዪበት እንጂ አትመራመሪ።

አወያይ
ጽናት፣ በሐዋርያት ሥራ 17፥11 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ የሰበከላቸውን ሳይቀር በመጻሕፍት ስለ መረመሩ ነው። ጥያቄው ይቀጥላል።

የሰንበት ተማሪ (ማክሰኞ ጠዋት)
እህቴ፣ ከያዕቆብ ልጀምር። የልጁ ክስ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

ሰዎች 1፥13ን ብቻ ነቅለው ያወጡታል። ምዕራፉን ከላይ አንብቢው። ቁጥር 2 «ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» ይላል። ቁጥር 12 ላይ በፈተና የሚጸና ሰው የሕይወትን አክሊል ይቀበላል። ቁጥር 13 ወዲያው ይከተላል። ፈተናን እንደ ደስታ ቁጠሩት ያለውና በእግዚአብሔር አታሳቡ ያለው አንድ ሰው፣ በአንድ ገጽ ላይ ነው። የላይኛውን ረስቶ ታችኛውን ጻፈ ማለት ይከብዳል።

ይልቅ ምዕራፍ 2፥21ን እዪው። አብርሃም ይስሐቅን በመሠዊያው ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ይላል። ይህን ያለው ያው ያዕቆብ ነው! ዘፍጥረት 22ን አሳምሮ ያውቃታል። የታሪኩ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ «እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው» ነው። ይህችን መስመር እያወቀ «ማንንም አይፈትንም» ካለ፣ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ስለ ምንድን ነው ታዲያ? አጀማመሩን ልብ በዪ። «ማንም ሲፈተን፦ በእግዚአብሔር እፈተናለሁ አይበል»። የሚከለክለው ሰበብን ነው። ሰውየው ወድቋል፣ ወይም ሊወድቅ ነው። ጥፋቱን የሚሸከምለት ፍለጋ ወደ ላይ እያየ ነው። የቆየ በሽታ ነው ይሄ። አዳም «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ሲል የከሰሰው ሔዋንን ብቻ አይደለም፣ ሰጪውንም ነው። ያዕቆብ ይህችን በር ነው የሚዘጋት። ሰው የሚወድቀው «በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል» ነው ይላል ቁጥር 14።

አብርሃም ዘንድ ግን የሚስብ ምኞት የለም። ልጁን ማረድ አላማረውም። የፈተነውም እንዲወድቅ አላደባበትም። ቢላዋውን ሲያነሣ ከሰማይ ተጠራ፣ በጉም በዕፀ ሳቤቅ፣ በቁጥቋጦው፣ ተይዞ ተገኘ። ወደ ተራራው የላከውም እጁን ያስቆመውም አንዱ ነው። ለመጣል የሚፈትን ግን መጨረሻ ላይ እጅ አይዝም።

የባጃጁ ሰው
ስለዚህ ባጃጇ ስትቆም «እየፈተነኝ ነው» ማለት እችላለሁ። ተናድጄ ተሳፋሪ ስሳደብ ግን እሱ ላይ መለጠፍ አልችልም።

የሰንበት ተማሪ
ከእኔ ይልቅ አሳጥረህ ተናገርከው።

እንደ ቶማስ (ማክሰኞ ከሰዓት)
ጥቅስ የደረደርኩት የምሳው ሰው እኔ ነኝ። ክሩን እሷ ናት የላከችልኝ። የያዕቆብ 2፥21 ነጥብ ጥሩ ናት፣ ወሰድኳት። ሁለት ነገር ግን አላለፈልኝም።

አንደኛ፣ በጉ ከመገኘቱ በፊት ዘፍጥረት 22፥12 ላይ «አሁን አውቄአለሁ» ይላል። ሁሉን የሚያውቅ ፈትኖ ምን ይጨምራል?

ሁለተኛው ይብሳል። ሳሙኤል ላይ ዳዊት ወድቋል። እጁን ያስቆመው መልአክ አልመጣም። ቆጠረ፣ ከዚያ 70,000 ሰው በቸነፈር ሞተ። «እንዲጸና ፈልጎ ነው» የሚለው መልሳችሁ እዚያ ጋ ሲደርስ ይሰበራል። እናንተ ደግሞ በጎ በጎውን ለእግዚአብሔር፣ ክፉ ክፉውን ለሰይጣን ማካፈል ትወዳላችሁ። የሳሙኤል ጸሐፊ ግን እንዲህ አላካፈለም።

ማራናታ (ማክሰኞ ማታ)
ሰላም ወንድም ቶማስ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። የሰንበት ተማሪው ያለውን አልደግምም።

የመጀመሪያውን ጥያቄህን በአጭሩ ልለፈው። ዘዳግም 8፥2 ላይም እስራኤልን 40 ዓመት በምድረ በዳ የመራቸው በልባቸው ያለውን ሊያውቅ እንደ ነበረ ይናገራል። በሁለቱም ቦታ አዲስ ነገር የታየው ለሰዎቹ ነው። አብርሃም ከተራራው ሲወርድ፣ ሲወጣ ያልነበረውን ይዞ ወረደ። ያዕቆብም «በሥራም እምነት ተፈጸመ» ይላል፣ 2፥22። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሁለተኛው ላይ ግን ብዙ የሚባል አለ። መጀመሪያ ኢዮብን ክፈት። ኢዮብን በክፉ ቁስል የመታው ማን ነው? 2፥7 ሰይጣን ነው ይላል። 2፥3 ላይ ግን እግዚአብሔር ራሱ ለሰይጣን «አንተ በእርሱ ላይ አንቀሳቀስኸኝ» በሚል መንፈስ ይናገረዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ 42፥11፣ ዘመዶቹ መጥተው እግዚአብሔር ስላመጣበት ክፉ ነገር ያጽናኑታል። አንድ መጽሐፍ ነው፣ አንድ ታሪክ ነው። በአንዱ መከራ ውስጥ ሁለት ፈቃዶች አሉ። አንዱ ሊያጠፋው ይፈልጋል። ሌላው ልክ አበጅቶ ይፈቅዳል። የኢዮብን ጸሐፊ ከራሱ ጋር ተጋጨ የሚለው የለም።

ሳሙኤልና ዜና ይህንኑ በሁለት መጽሐፍ ከፍለው ነው የነገሩን። ሳሙኤል ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ ምንም አያልፍም ብሎ ነገሩን ከላይ ይጀምራል። ዜና ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የተጻፈ ነው፣ መካከል የገባውን ከሳሽ በስሙ ይጠራዋል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማየት ከፈለግህ ደግሞ ማቴዎስ 4፥1 አለልህ። «ኢየሱስ ከዲያብሎስ ይፈተን ዘንድ መንፈስ ወደ ምድረ በዳ ወሰደው»። የወሰደው መንፈስ ነው፣ የፈተነው ዲያብሎስ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ዓላማ።

አሁን ደግሞ ዳዊትን እየው። ኢዮአብ «ጌታዬ ይህን ለምን ፈለገ?» ብሎ ተከራክሮታል። ቆጠራው 9 ወር ከ20 ቀን ፈጅቷል። በእነዚያ ወራት ሁሉ «ተዉት፣ ተመለሱ» ማለት ይችል ነበር። ሲነቃ «ሰይጣን አሳሳተኝ» አላለም። ይቺን ቃል እኛ ሐበሾች እንወዳታለን፣ አይደል? ፖሊስ ጣቢያም እንላታለን፣ ሽምግልና ላይም እንላታለን። ዳዊት ግን «እጅግ በድያለሁ» ነው ያለው። በሳሙኤልም እንዲህ ነው፣ በዜናም እንዲህ ነው። ማን አነሣሣው በሚለው የተለያዩት ሁለት መጻሕፍት ማን በደለ በሚለው አንድ ናቸው። ያዕቆብ ከሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሒሳበኛው
ሳሙኤል 800,000 የእስራኤል፣ 500,000 የይሁዳ ሰው ይላል። ዜና 1,100,000 እና 470,000። ይሄስ?

አወያይ
ሌላ ክር ክፈት። እዚህ ስለ ፈተና ነው የምናወራው።

የሦስት ልጆች እናት (ረቡዕ ጠዋት)
ልጆቼ፣ እኔ እንደናንተ ምዕራፍና ቁጥር አልደረድርም። ስለ አባታችን ሆይ ማንም አልመለሰላትም ብዬ ነው የገባሁት።

እኔ በየቀኑ «አቤቱ ወደ ፈተናም አታግባን» እላለሁ። እግዜር ገፍቶ ይጥለኛል ብዬ አይደለም። በሁዳዴ ወደ ዓሳ ገበያው ወደ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ዓሳ ከሚጠበስበት አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ኋላ «ተፈተንኩ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ማን ወሰደህ? እግርህ ነዋ! እኔ ስጸልይ እግሬን ያዝልኝ ማለቴ ነው። አቅሜን አውቃለሁ፣ እዚያ ከተቀመጥኩ አልነሣም።

የባጃጁ ሰው
እማማ፣ ዓሳ በጾም ይበላል የሚሉም አሉ እኮ።

የሦስት ልጆች እናት
እነሱን ለንስሐ አባታቸው ንገርልኝ።

አወያይ
የዓሳና የጾም ክርክር ሐዋሳ ውስጥ አልቆ አያውቅም። እዚህ አይነሣም። እማማ፣ እናመሰግናለን።

የሰንበት ተማሪ
እናታችን ያሉት ከጌታ ቃል ጋር አንድ ነው። በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ» ብሏቸዋል፣ ማቴዎስ 26፥41። ጴጥሮስ ተኛ። ሌሊቱን ሳይነጋ ካደ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሉቃስ 22፥31 ላይ ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ ብሎታል። ጌታ «ከለከልኩት» አላለም። «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» አለ። ሰይጣን ሊለምን የሚገደድ ከሆነ በራሱ ሥልጣን አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ጸሎታችን ወደ ትክክለኛው ደጅ ነው የሚሄደው።

ጠያቂዋ
እማማ፣ ምሳ ላይ የእርስዎን ነው የምናገረው። አንድ ግን ቀረኝ። እግዚአብሔር በክፉ አይፈተንም ካልን፣ ኢየሱስ የተፈተነው ለይስሙላ ነበር?

የሰንበት ተማሪ (ረቡዕ ማታ)
አይደለም። መምህሮቻችን በገዳመ ቆሮንቶስ፣ በዚያው በተፈተነበት ምድረ በዳ፣ ሦስት ነገር እንደ ቀረበበት ያስተምሩናል። ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ። ስስቱን በትዕግሥት፣ ትዕቢቱን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋዩን በጸሊአ ንዋይ፣ ገንዘብን በመጥላት፣ ድል ነሣ። ራቡ እውነተኛ ነበር። 40 ቀን ጾሞ ተራበ ይላል። ሥጋ የለበሰው በእውነት ነውና የተራበውም በእውነት ነው።

አሁን ወደ ያዕቆብ 1፥14 ተመለሺ። እኛ የምንወድቀው የውጭው ማባበያ ከውስጣችን ምኞት ጋር ሲገናኝ ነው። በእሱ ዘንድ ግን የውጭው መጣ፣ ከውስጥ የሚቀበለው አጣ። ዕብራውያን 4፥15 «ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ» ሲል ያዕቆብን አይቃወምም።

ማራናታ
ከራቡም በላይ ዕብራውያን 5፥7ን ጨምሩበት። በብርቱ ጩኸትና በእንባ ጸለየ ይላል። የይስሙላ ሰው እንዲህ አይጮኽም። በመለኮትና በሥጋ አነጋገር እኔና የሰንበት ተማሪው እንለያይ ይሆናል...

አወያይ
እዚያው ላይ ቁሙ። ያንን ክር ባለፈው በግድ ነው የዘጋሁት።

አሥራት ከፋይ (ሐሙስ)
በዚሁ አጋጣሚ የእኔንም ፍቱልኝ። ዘዳግም 6፥16 አምላክህን አትፈታተን ይላል። ሚልክያስ 3፥10 ደግሞ አሥራቱን አስገቡና ፈትኑኝ ይላል። አንድ ሰባኪ ይህችን ይዞ «የቤት ኪራይህን ዝራ፣ እግዚአብሔርን ፈትነው» አለኝ። ዘራሁ። አከራዬ ግን ሚልክያስን አያነብም።

ማራናታ
ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ሳቄንም መደበቅ አልቻልኩም።

ዘዳግም ራሱ «በማሳህ እንደ ተፈታተናችሁት» ብሎ ወዴት እንደሚመለከት ይነግርሃል፤ ማሳህ የቦታ ስም ነው። ዘፀአት 17፥7 ላይ ነው። ሕዝቡ ውኃ ጠማው፣ «እግዚአብሔር በመካከላችን ነውን ወይስ አይደለም?» አለ። ባሕር ተሻግሮ፣ መና በልቶ ይህን ማለት ጥማት ብቻ አይደለም። አምላክን «ካሳየኸኝ አምንሃለሁ» ብሎ ችሎት ማቆም ነው። ዲያብሎስ ኢየሱስን ከመቅደስ ጫፍ ዝለል ያለውም ይህንኑ ነው፣ ኢየሱስም የመለሰለት በዚሁ በዘዳግም 6፥16 ነው።

ሚልክያስ የተናገረው ለሌላ ሕዝብ ነው። የታዘዙትን አሥራት ወደ ጎተራው ማስገባት የተዉ ሰዎች ናቸው። ታዘዙና እዩ ነው የተባሉት። ያልታዘዝከውን ነገር ፈጥረህ አምላክን በቀጠሮ መያዝ ከሚልክያስ ይልቅ ለማሳህ ይቀርባል። በነገራችን ላይ «አልፈታተንም» ማለትም ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም። ንጉሥ አካዝ ኢሳይያስ 7፥12 ላይ ምልክት ለምን ሲባል ይህን ብሎ እምቢ አለ። ነቢዩ ግን አምላኬን ታደክማላችሁ ብሎ ገሠጸው። አካዝ በአፉ ዘዳግምን ይዞ መታዘዝን ይሸሽ ነበር። ሰባኪውን በተመለከተ ግን ኪራይህን እንዲመልስልህ ጠይቀው።

ከአላሙራ ሥር (ሐሙስ ማታ)
እኔ የማነሣው ቁጣዬን ነው፣ አወያይ ይታገሠኝ። ወንድሜን ቀብሬ በተቀመጥኩበት ለቅሶ ቤት አንዱ አጠገቤ መጥቶ «እግዚአብሔር ከአቅምሽ በላይ አይሰጥሽም» አለኝ። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 መሆኑ ነው። ጥቅሱ ይህን የሚል ከሆነ እኔ ውሸት ሆኖብኛል። ከአቅሜ በላይ ነበር።

ማራናታ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥቅሱ እንዲህ አይልም።

ጳውሎስ እዚያ ቦታ ላይ እስራኤል በምድረ በዳ እንዴት በጣዖትና በዝሙት እንደ ወደቀች እየተረከ ነው፣ ከቁጥር 6 ጀምረሽ አንብቢው። ቁጥር 14 ወዲያው «ከጣዖት አምልኮ ሽሹ» ይላል። በመካከል ያለችው 13 ወደ ኃጢአት ስለሚጎትት ፈተና ነው የምትናገረው። መውጫ አለው፣ «አማራጭ አልነበረኝም» አትበሉ ነው የምትለው። ስለ ለቅሶ አይደለም።

ስለ መከራ ደግሞ ያው ጳውሎስ ለዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 ላይ በእስያ የደረሰባቸውን ሲናገር ለሕይወታቸው እንኳ ተስፋ እስኪቆርጡ ድረስ ከዓቅማችን በላይ ከበደን ይላል። ከዓቅም በላይ! ሐዋርያው እንደዚያ ማለት ከቻለ አንቺም ትችያለሽ። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁለቱን ጥቅስ ለይቶ ቢሄድ፣ ካልለየም ዝም ብሎ ንፍሮውን ቢዘግን ይሻላል።

ከአላሙራ ሥር
ሁለተኛውን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም። አመሰግናለሁ።

እንደ ቶማስ (ዓርብ)
ብዙውን ተከታትያለሁ። ያዕቆብና ዘፍጥረት ተስማምተዋል፣ ለምሳ ልጆችም እነግራቸዋለሁ። ሳሙኤልና ዜናም በኢዮብ በኩል ከሄድን መንገድ አላቸው። 70,000ው ግን የት ገባ? ቆጣሪው ዳዊት፣ ሟቹ ሕዝብ።

የሰንበት ተማሪ
2ኛ ሳሙኤል 24፥1 ቁጣው ቀድሞ የነደደው በእስራኤል ላይ እንደ ነበረ ይናገራል። ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ስለዚህ ነገሩ ከዳዊት ቆጠራ ብቻ አልጀመረም።

ማራናታ
ጥያቄህ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አለ። 24፥17 ላይ ዳዊት የሚቀሥፈውን መልአክ አይቶ «እነዚህ በጎች ግን ምን አደረጉ?» ይላል፣ እጅህ በእኔና በአባቴ ቤት ላይ ትሁን ብሎም ይለምናል። ተግሣጽ አልመጣበትም። የመጣው ነቢዩ ጋድ ነው፣ በኢያቡሳዊው አውድማ መሠዊያ ሥራ ብሎት። ባለ አውድማው በነፃ ውሰድ ቢለው ዳዊት ያለ ዋጋ አልሠዋም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። መቅሠፍቱም ተከለከለ።

አሁን 2ኛ ዜና 3፥1ን ክፈት። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያች አውድማ ላይ ነው። የቦታውን ስም ሞሪያ ይለዋል። አብርሃም ይስሐቅን ይዞ እንዲሄድ የታዘዘበትም ምድር ስሙ ሞሪያ ነው፣ ዘፍጥረት 22፥2። አንተ እንደ ጠብ ያቀረብካቸው ሁለት ታሪኮች በአንድ ስም ላይ ይገናኛሉ። በሁለቱም ቦታ እጅ ተነሥቷል፣ በሁለቱም «በቃ» ተብሏል።

እንደ ቶማስ
ከ17 እስከ 25 አነበብኩት። የሞሪያው ነገር አሪፍ ነው፣ አልዋሽም። ዳዊትም የጠየቀው የእኔን ጥያቄ ነው። መልስ ግን አልተሰጠውም፣ መሠዊያ ነው የተሰጠው። ለእሱ በቅቶት ይሆናል። ለእኔ ገና አልበቃኝም። ያም ሆኖ «ይጋጫል» ከሚለው ዝርዝሬ ሰርዤዋለሁ። «ይከብደኛል» በሚለው ሥር ነው ያስገባሁት።